የጫኔ ዱላ የተናገረበት ቀን

እኛ ጓሳ ዳር ያለን ሰዎች ስብሰባ የምንቆጥረው በዱላ ነው። ወንዱ ይመጣል፣ ዱላውን መሬት ላይ ይተክላል፣ ከሥሩ ይቀመጣል። ሽንቱ ቢመጣ ወይ በጎቹ ገብስ ቢገቡበት ዱላውን እንደተተከለ ትቶት ይሄዳል። ዱላው ከቆመ ሰውየው አለ። ዱላ የሌለው አይቆጠርም፣ አይናገርም፣ ከጋራ መሬታችን ከጓሳው የክዳን ሣርም አይደርሰውም። ሴቶች የምንቀመጠው መሰብሰቢያውን ከከበበው የድንጋይ ካብ ውጭ ነው። ሴት ዱላ አትተክልም። ለምን ብትሉ፣ ተክላ አታውቅማ።

ባሌ ጫኔ የዛሬ አራት ዓመት ዱላውን ተክሎ «ብርድ ብርድ አለኝ» ብሎ ወደ ቤት መጣ። ተኛ። በሰባተኛው ቀን ቀበርነው። ዱላውን የነቀለው የለም። ከአርባው በኋላ ሌላ ስብሰባ ተጠራና ጸሐፊው፣ ምስክር የሚባለው፣ ዱላውን ቆጥሮ «አርባ ሦስት፣ ሁሉም ተገኝቷል» ሲል በካቡ ላይ አንገቴን አስግጌ ሰማሁት።

«ኧረ ጫኔ ሞቷል!» አልኩ።

«ዱላው አለ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዱላውን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ካቡ በር ላይ ለአንዱ ወንድ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይተክልልኛል፣ እኔ ውጭ ቁጭ እላለሁ። አገራችን ነፋስ ነው፣ ዱላ ያዘነብላል። ወደቀ ማለት ደግሞ ሰውየው ስብሰባ ጥሎ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል፣ ዘመም ባለ ቁጥር «እባክህ ጫኔን ቀና አድርግልኝ» እያልኩ ያገኘሁትን ወንድ ስለምን እውላለሁ።

ዱላው ግን ተወደደ። አይጮህም፣ አይሳደብም፣ አረቄ ቀምሶ አይመጣም። ጓሳውን የሚያስተዳድሩት ሽማግሌ ጋሽ ኪዳነ፣ ሰው ሲንጫጫባቸው «እስቲ እንደ ጫኔ ሁኑ!» ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት የጥበቃ ኮሚቴ አባል አድርገው መረጡት። የተቃወመም የለ። የተመረጠ ሰው በወር ሦስት ቀን ጓሳው ላይ ወጥቶ የሣር ሌባ ይጠብቃል። ዱላ በራሱ አይሄድ፣ እኔ ይዤው ወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ውርጭ። ሌባ ስይዝ «ጫኔ ያዘ» ተብሎ ይጻፋል።

ይህን ሁሉ የቻልኩት ለክዳን ብዬ ነው። የቤቴ ክዳን በስብሷል። ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ ዘንድሮ የካቲት መጨረሻ ሊከፈት ነው፤ አንዴ ከተዘጋ ደግሞ መቼ እንደሚከፈት እንጃ። አልጋዬ ላይ የሚያንጠባጥበውን እስካሁን የያዘልኝ የአምናው የሴቶች ቀን ባነር ነው። በዓሉ ሲያልቅ ሜዳ ላይ ጥለውት ሄዱ፣ እኔ አንስቼ ከማገሩ ጋር አሰርኩት። ትምህርቴ የጎልማሶች ሦስት ወር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ጋደም ብዬ ፊደሉን እለቅማለሁ። «የሴቶች እኩል ተሳትፎ ለ» ይላል። የቀረው ማገሩ ላይ ተጠቅልሏል። ተሳትፎው ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ዓመት ተኛሁ።

እንዲህ እያለሁ ነው የጫኔ ወንድም ደመላሽ ከራቤል በበቅሎ የመጣው።

«እንደምነሽ እታለም» አለኝ ሳይወርድ። «የወንድሜን ዱላ ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«ምን ልትሠራበት? በቅሎህን ልትነዳበት?»

«ወንድ ልጅ አልወለዳችሁም። ዱላው ለኔ ነው የሚያልፍ። አገር ያወቀው ነው።»

«ሣሩስ?»

«ሣሩማ ከዱላው ጋር ነው።»

«አንተ ቤትህ ቆርቆሮ አይደለም እንዴ!»

«የበጎቼን ጋጣ እከድንበታለሁ።»

«እኔ ዝናብ ይውረድብኝ፣ በጎችህ ይከደኑ?»

«እኔ ምን ላርግ እታለም፣» አለኝ እያዘነልኝ። «አንቺ ዱላ የለሽ።»

ዱላውን ይዤ ጋሽ ኪዳነ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እኔን በስሜ ያስጽፉኝ።»

«ቤትሽ እኮ ተጽፏል፣ ልጄ።»

«በማን?»

«በዱላው።»

«እንጨት እኮ ነው!»

«እንጨትነቱን መች አጣሁት፣ ደህና ወይራ ነው። ግን አራት ዓመት ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ሳልጠይቀው ብሰርዘው ሕግ ነው?» ብለው ወደ ዱላው ዞሩ። «ደህና ሰነበትክ፣ ጫኔ?» አሉት። ከልባቸው ነው። «በመክፈቻው ዕለት በጉባኤ ይጠየቃል። ወደ ደመላሽ ልሂድ ካለ ይሂድ። በለጠች ትጻፍ ካለ ትጻፊያለሽ።»

«ካልተናገረስ?»

«ካልተናገረማ እንደ ልማዱ ለወንድሙ ነው።»

በሃያ አንድ የማርያም ማኅበራችን ጌታነሽ ቤት ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ጌታነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የጋሽ ኪዳነ ባለቤት እትዬ አማከለች ግን አልሳቁም።

«ኪዳነ ያሉትን ያደርጋሉ» አሉ። «አርባ ዓመት አብሬያቸው ስኖር ሕግ ሲጥሱ አላየሁም። ስለዚህ በሕጋቸው ነው የምንይዛቸው። ዱላ የሌለው አይናገርም አይደል የሚሉት?»

«አዎን።»

«እንግዲያው ዱላ አይኑራቸዋ።»

የጌታነሽ ሳቅ ቆመ። «የኔ ባል ያለ ዱላ ከደጅ አይወጣም እኮ።»

«ዱላው የት ነው የሚቀመጥ?»

«በር ሥር።»

«ጠዋት በሩን ቀድሞ የሚከፍተው ማነው?»

እርስ በርስ ተያየን። ሁላችንም ነን።

«እኔ እኮ ለበለጠች ብቻ ብዬ አይደለም» አሉ እትዬ አማከለች። «ኪዳነ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። በስተርጅና የዱላ ተሸካሚ መሆን አልፈልግም።»

የመክፈቻው ዕለትና የሴቶች ቀን አንድ ላይ ዋለ። የወረዳው ሰዎች «ሕዝቡ ከተሰበሰበ አይቀር» ብለው አንድ አደረጉት። ምስክር ማለዳ መጥቶ ባነሩን ከማገሬ ፈታና «ጭስ ጭስ ይላል» እያለ ወሰደው። ክዳኔ በቀዳዳው ሰማዩን አሳየኝ። ዱላውን አነሳሁና ወጣሁ።

አንዷ ለአንዷ ነግራ፣ አርባ ሁለቱም የወንድ ዱላ በማለዳ ከየቤቱ ወጥቷል። ተሰልፈን በካቡ በር ገባን፣ ተከልን፣ ከሥሩ ተቀመጥን። የጫኔንም እኔው ራሴ ተከልኩት። ወንዶቹ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ባዷቸውን መጡ። አንዱ የባቄላ አገዳ ይዞ መጥቶ ሊተክል ሲል ተሰበረበት። ጋሽ ኪዳነ በሩ ላይ ቆመው አዩን፣ አፋቸውን ከፈቱ።

«ኪዳነ፣ ዱላዎ የት አለ?» አሏቸው ባለቤታቸው።

እጃቸውን አዩ። አፋቸውን ገጠሙ። ሄደው ከካቡ ውጭ፣ እኔ አራት ዓመት የተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወንዱ ሁሉ ተከተላቸው። ምስክር ብቻ ስለሚጽፍ ገባ፤ መናገር ግን አልቻለም፣ የሱም ዱላ ሚስቱ ጋ ነው።

«ምን ጉድ ነው ይሄ!» አለ ደመላሽ።

«ዱላህስ?» አልኩት።

«የኔ ዱላ እሱ ነው!» ወደ ጫኔ ጠቆመ።

«እሱ ገና ቃሉን አልሰጠም። ውጣ።»

ወጣ።

እትዬ አማከለች የባላቸውን ዱላ ይዘው ተነሱ። አቡነ ዘበሰማያት ደገሙና ወደ ጫኔ ዱላ ዞሩ። «ጫኔ፣ ሦስት ጊዜ እጠይቅሃለሁ። ለወንድምህ ትሆናለህ ወይስ በለጠች በስሟ ትጻፍ?»

ነፋሱ ብቻ አለፈ።

ሁለተኛ ጠየቁት። ዝም።

«አንቺ፣» አለችኝ ጌታነሽ በሹክሹክታ፣ «ድምፅሽን አጎርንነሽ አትመልሺለትም?»

«እረፊ።»

ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጫኔ እንዲናገርልኝ የዚያን ቀን ያህል የለመንኩበት ጊዜ የለም። በሕይወቱም እያለ ብዙ አይናገርልኝም ነበር።

እትዬ አማከለች ለሦስተኛው አፋቸውን ሲከፍቱ የወረዳው መኪና ደረሰ። የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዋ ህሊና ድምፅ ማጉያ ይዛ ወረደች። አርባ ሦስት ዱላና ከሥሩ ሴት ስታይ ደስታዋን አልቻለችውም።

«ውይ፣ ባህላዊ ትርኢት አዘጋጃችሁ!» ብላ ፎቶ አነሳችን። ወደ ውጭ ዞረች። «ወንዶች፣ እናንተ ለምን ራሳችሁን አገለላችሁ?»

አንድም አልመለሰላት። ዱላ የላቸውማ።

«የተከበራችሁ የበዓሉ ታዳሚዎች—» ብላ ጀመረች።

«ቆይ ልጄ፣» አሏት እትዬ አማከለች፣ «ዱላሽ?»

«የምን ዱላ?»

«እዚህ ዱላ ያልያዘ አይናገርም።»

ልጅቱ ግራ ገባት። አጠገቧ የነበርኩ እኔ ነኝ። በማርያም፣ ምንም አስቤ አይደለም፤ ቅርቧ ያለው እሱ ስለሆነ ነቅዬ «እንኪ» አልኳት። የጫኔን ዱላ በአንድ እጇ፣ ወረቀቷን በሌላው ይዛ አነበበች። ብዙ አለች፣ ብዙው አልገባኝም። መጨረሻ ላይ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ «ማንኛዋም ሴት ከጋራ ሀብት በራሷ ስም ተመዝግባ ተጠቃሚ ልትሆን ይገባል!» አለች።

ከካቡ ውጭ ጋሽ ኪዳነ ብድግ አሉ። እጃቸውን እያወዛወዙ ባለቤታቸውን ጠሩ፣ በካቡ ላይ አጎንብሰው በጆሯቸው ነገሯቸው። እትዬ አማከለች ተመለሱ።

«ኪዳነ የሚሉት፣ ዱላው ተናግሯል።»

ደመላሽ ዱላ እንደሌለው ረሳ። «የተናገረችው እሷ ናት!»

«በማን ዱላ?» አሉት እትዬ አማከለች።

«በወንድሜ!»

«አራት ዓመት ሙሉ ዱላው ሲቆም ጫኔ ተገኘ ተብሎ ሲጻፍ፣ እንጨት ነው ብለህ ነበር?»

ምስክር ጻፈ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ስላልተፈቀደለት ደብተሩን አዞረልኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ጫኔ፣ በለጠች በስሟ ትመዝገብ ሲል ቃሉን ሰጥቷል።

«ጫኔ ማናቸው?» አለችኝ ህሊና። «ለሴቶች ተቆርቋሪ ናቸው መሰለኝ፣ ላመስግናቸው።»

«ሞቷል» አልኳት።

ጌታነሽ ተነሳች። «ጫኔ እኮ ማንኛዋም ሴት ነው ያለው! እኔስ?» ከዚያ በኋላማ ምስክር እጁ እስኪዝል ጻፈ፣ ሚስቱንም ጨምሮ። ባነሩ ካቡ ላይ ተሰቅሎ ነበርና የቀረውን ፊደል ያኔ አነበብኩት። «ለዘላቂ ልማት» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ለክዳን የሚል መስሎኝ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዱላቸውን መለስንላቸው።

«የወንድሜን ዱላ ግን እወስዳለሁ» አለ ደመላሽ።

«ውሰድ፣ እኔ ተጽፌያለሁ» አልኩት። «ጥበቃውንም ውሰድ።»

«የምን ጥበቃ?»

ጋሽ ኪዳነ ዱላቸው እጃቸው ገብቷል፣ መናገር ይችላሉ። «ጫኔ የጥበቃ ኮሚቴ ነው። በወር ሦስት ቀን። ከነገ ጀምሮ ተረኛ ነው።»

ደመላሽ አንድ ቀን ዋለ። በሁለተኛው ቀን ውርጩ ሲብስበት ዱላውን ጓሳው ላይ ተክሎ፣ በቅሎውን ጭኖ ራቤል ገባ። በደብተሩ ግን ጫኔ ጥበቃ ላይ ነው።

እኔ ድርሻዬን አጨድኩ፣ ማኅበርተኞቼ ተሸከሙልኝ፣ ቤቴ ተከደነ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ጠበቅሁ። ጠብ አላለም። የማነበው ነገር ብቻ ቀረብኝ።

በማግስቱ ጓሳው ላይ ወጣሁ። ዱላው ደመላሽ የተከለው ቦታ ላይ ነው፣ ዘመም ብሏል። ልማድ ሆኖብኝ የሚያቀናልኝ ወንድ ለመፈለግ ዞር ዞር አልኩ። ማንም የለም። «ደህና ሰነበትክ፣ ጫኔ፣ ቤቱ ተከደነ» አልኩትና ራሴ ቀና አደረግሁት። ሥሩንም በድንጋይ አጠበቅሁለት። ተረኛ ነው፣ እንዳይወድቅ።