ቨርና ከነቤቷ ድንበር የተሻገረችበት ቀን

ባለቤቴ ኦዴል በአሜሪካ፣ በቴነሲ ክፍለ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ጎማ ያላቸውን ተጎታች ቤቶች ከቦታ ቦታ እያጓጓዘ የሚኖር ሰው ነው። ከኋላ መብራት እያበራሁ በትንሿ መኪና የምከተለው እኔ ነኝ። ብዙ ቤት ጎትተናል፤ ትዳራቸው የፈረሰ ሰዎችን፣ እርሻቸውን የሸጡ ሰዎችን ቤት። የገዛ እህቱን የቨርናን ቤት እንጎትታለን ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

ቨርና ፀጉር ቆራጭ ነበረች። አርባዎቹን ስታጋምስ የእጇ መገጣጠሚያዎች ያብጡ ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት መቀስ ቀርቶ ማንኪያ መያዝ አቃታት። በሽታውን የሚገታ መርፌ አለ፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ልጅ የሌላት፣ ገና ጉልበት አላት የምትባል ሴት ስለሆነች፣ የኛ ክፍለ ግዛት የድሆች የጤና መድን እሷን አይመለከትም። ትንሽ ነድተህ የምትደርስባት ጎረቤት ክፍለ ግዛት ኬንታኪ ግን እንደሷ ያሉትንም አቅፋለች። የነሱ ገዥ ለዚህ የተመደበውን የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ተቀበለ፤ የኛ ሕግ አውጪዎች አንቀበልም አሉ።

ኦዴል ከኛዎቹ ጋር ነበር። ዋሽንግተን ዛሬ አብዛኛውን ትከፍላለች፤ ነገ እጇን ስትሰበስብ ዕዳው በኛ አንገት ላይ ይቀራል ይል ነበር። እውነት ለመናገር ሞኝነት አልነበረም። ዱሮ ክፍለ ግዛታችን መድኑን አስፍቶ፣ ወጪው ሲከብደው ስንቱን ሰው እንዳስወጣ በዓይናችን አይተናል።

ከድንበር ማዶ የምትኖር አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን ከግቢዋ ቦታ ስትሰጣት፣ ቨርና ወደ ኦዴል መጥታ፣ እዚያ ከኖርኩ መድኑ ይደርሰኛልና ተጎታች ቤቴን ውሰድልኝ አለችው። ብዙ ቀን መልስ ነሳት። አንድ ማለዳ ግን ሰንሰለቱን መኪናው ላይ ጭኖ ወደሷ ሄደ።

ድንበሩ ጋ ከአንድ ሰሌዳ በቀር ምንም የለም። ኦዴል ሰሌዳው ጋ ሳይደርስ መንገዱ ዳር ቆመ። የተበላሸ ነገር መስሎኝ ወረድኩ። ጎኑ የተቀመጠችው ቨርናም ወረደች። እሱ ሰንሰለቱን ይነካካል፤ ሰንሰለቱ ግን ደህና ነው።

«ሐሳብህን ለወጥክ እንዴ?» አለችው።

«አባታችን የሰው እጅ አይቶ አያውቅም» አለ ቀና ሳይል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ ነበር የሚለው።»

«ወርቅ ማን ጠየቀ? መድኃኒት ነው ያልኩት። አባባ ሆዱን እንደያዘ፣ ሐኪም ሳያየው ነው የሞተው። ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ አንተ መንገድ ላይ ነበርክ።»

ኦዴል ሰንሰለቱን ለቀቀና፣ «እሺ፣ እዚያ ማን ያይሻል? በረዶ ሲጥል ደጅሽን ማን ይጠርግልሻል?» አላት።

ያስቆመው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ቨርና ሳቀች። «ማዶ ነው እኮ አንተ ጅል። ፓስፖርት አይጠይቁህም።»

ሳይወድ ሳቀ። ሞተሩን አስነሣና ተሻገርን።

ከጥቂት ወራት በኋላ የመድን ካርዷ መጣ። የመጀመሪያው መርፌ አልሠራላትም፤ ቀይረው የሰጧት ሠራላት። ቀኝ እጇ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ግን ደንበኞቿን አንድ ሁለት እያለች መቀበል ጀምራለች።

በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን ባዘጋጀው የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የአካባቢያችን ተወካይ መጣና ስለ መድኑ ተጠየቀ። የመለሰው መልስ ቃል በቃል ኦዴል ሲል የኖረውን ነው። ኦዴል ሰሃኑን አስቀምጦ ተነሣ። እህቴን በገዛ መኪናዬ ጎትቼ ከዚህ አገር አስወጥቻታለሁ፣ ቢያንስ ይህን እወቅልኝ አለው። ተወካዩ መጥቶ እጁን ያዘው፤ ማዘኑ የምር ነበር። በተከታዩ የምክር ቤት ጉባኤ ግን መድኑን የሚያሰፋው ረቂቅ ሕግ ከኮሚቴ ሳይወጣ ቀረ።

ዜናውን የሰማነው ምሳ ላይ ነው። እኔ ተናድጄ ሰውየውን ክፉኛ ሰደብኩት።

«ተይው» አለኝ ኦዴል። «ክፉ ሰው አይደለም። እኔን ነው የሚመስለው፤ እህቱ ስላልታመመችበት ነው።»

የቀረችውን የበቆሎ ዳቦ ጎረሰና ተነሣ። ቨርና የደጄ ደረጃ ይወዛወዛል ስላለችው፣ ጣውላና መዶሻ ጭኖ ወደ ማዶ ሄደ።