ለሂናው ቀን የሚሆን ሌንስ

ረሒማ ካሜራውን የገዛችው ያለ ዓይኑ ነው። ከጅዳ የተመለሰው የሰፈሯ ልጅ ዓብዱራህማን ቦዲውን ብቻ በርካሽ ለቀቀላትና «ሌንሱን አንቺ ፈልጊ» አላት።

ደብረ ብርሃን ላይ የሙሽራ ልብስ ስታከራይ የኖረች ሴት ናት። ቀሚስ ሊመልሱ የሚመጡት የሠርጋቸውን ፎቶ ያሳዩዋታል፤ እሷም እያየች አንድ ነገር ይከነክናታል። እሷ በተወለደችበት አገር፣ አልዩ አምባ፣ ሴቶቹ ሂና በሚቀቡበት ቀን ወንድ ካሜራማን እልፍኝ አይገባም። ከገባም ሁሉም ይከናነባሉ፤ ፎቶው የጨርቅ ክምር ይሆናል። «እኔ ሴት ነኝ፤ እኔ እገባለሁ» አለች። ረሒማ አንዴ ካለች ደግሞ የሚመልሳት የለም።

የታላቅ እህቷ የሐዋ ልጅ ሌይላ ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። ሌይላ ደውላ «አክስቴ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ሳልከናነብ፣ አንድ ፎቶ እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ» አለቻት። ሐዋ ግን ስልኩን ከልጇ ነጠቀች።

«መጀመሪያ መጥተሽ እዚሁ እልፍኝ ውስጥ አንሺና አሳዪኝ። ካማረ ያንቺ ነው። ካላማረ ካሜራማኑን ታጁን ጠርቻለሁ፤ እኛም እንደ ወጉ ተከናንበን እንቀመጣለን።»

ረሒማ በማግስቱ የሱቅ ጎረቤቷ ኤርሚያስ ፎቶ ቤት ገባች። ኤርሚያስ ያገለገሉ ሌንሶችም ይሸጣል። ሦስቱን አወጣላትና አንዱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አሳያት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አድርቶበታል።

«ይቺ ሻግታለች። ርካሽ ናት ብለሽ እንዳትሸወጂ» ብሎ ወደ ቦታዋ መለሳት። ሁለት ቀሩ። አንዷ መዳፍ የማትሞላ ፕላስቲክ ነገር፣ ሌላው እንደ ክንድ የረዘመ።

«ይህቺን ሃምሳ ሚሊ እንላታለን» አለ ትንሿን እያነሳ። «ዙም የላትም። ግን አፏ ሰፊ ነው፣ ጨለማ ቤት ውስጥም ብርሃን ታስገባለች።»

«ዙም ከሌላት ሰውየውን በምን ላቀርበው ነው?»

«በእግርሽ።»

«በእግሬማ ድሮም እሄዳለሁ! ለመሄድ ደግሞ ልክፈል?»

«የምታነሺው እልፍኝ ውስጥ ነው አላልሽም? ስፋቱ ምን ያህል ነው?»

«የእልፍኙ ስፋት አንተን ምን አስጨነቀህ፤ ልትከራየው ነው?»

ዓይኗ ከረጅሙ አልተነቀለም። አረርቲ አንድ ሠርግ ላይ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ሌንስ የያዘ ሰው ሲመጣ ሽማግሌው ሳይቀር መንገድ ይለቃል። ይህቺን የጠርሙስ ክዳን የምታህል ይዛ ብትሄድ ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? ረጅሙን ካሜራው ላይ አስገጥማ ወደ ደጅ ወጣች። ፀሐዩ ቦግ ብሏል። ከመንገዱ ማዶ የባንኩ ዘበኛ ሲያዛጋ የወርቅ ጥርሱ ፊቷ ድረስ መጣላት። ሳቀች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ ኤርሚያስ እየጠቀለለላት። «ካልሆነሽ መልሺው፤ እንዳትጭሪው ብቻ።»

አንኮበርን አልፋ ቁልቁለቱን ወርዳ የሐዋ ቤት ስትደርስ፣ ለዝግጅቱ ሥራ የተሰበሰቡት ሴቶች ሌንሱን አይተው ተንጫጩ። «ያ ረቢ! መድፍ ነው እንዴ?» ረሒማ ደስ አላት። እልፍኝ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ፤ ሻሹ ሁሉ ወለቀ። ሌይላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ረሒማ ካሜራውን ዓይኗ ላይ አደረገች።

አፍንጫ ታያት።

ወደ ኋላ አለች። አሁንም አፍንጫና ግማሽ ጉንጭ። ደግማ ወደ ኋላ ስትል ጀርባዋ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«ሌይላ፣ እስቲ ወደዚያ ጠጋ በይ።»

«አክስቴ፣ ከዚህ በላይ ግድግዳው ውስጥ ልግባ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ረሒማ እልህ ይዟት የማንሻ ቁልፉን ደጋግማ ተጫነችው። ያነሳችው ሁሉ ጨለማ ነው፤ ያልጨለመውም ጭስ ይመስላል። ሐዋ መጥታ ከካሜራው ጀርባ አየችና «ይሄ የማን ጆሮ ነው?» አለች።

«ቤቱ ነው የጠበበው» አለች ረሒማ።

«ቤቱማ አንቺም የተወለድሽበት ነው። ስፋቱን አታውቂውም ነበር?»

ሌይላ አንገቷን ደፍታ ሻሿን መልሳ ጠመጠመች፤ ከሳቁ ሁሉ ይልቅ ይሄ የረሒማን አንጀት በላው። «እስከ እሁድ ታገሺኝ» አለች እህቷን። ሐዋ «እሁድ ሂናው ነው። ታጁም በር ላይ ይሆናል» አለቻት።

ሽቅብ ስትመለስ መኪናው ውስጥ ሌንሱን ጭኗ ላይ አጋድማ ታስብ ነበር። ያን እልፍኝ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ከሰዓት ብርሃኑ የት ላይ እንደሚያርፍ። ኤርሚያስ ሲጠይቃት ግን አንዱም አልታወሳት። ያኔ የምታስበው ሰው እንዴት እንደሚያያት ነበር እንጂ ሌይላ የት እንደምትቀመጥ አልነበረም። መድፍ ተሸክማ የሄደችው ለሌይላ ነው ወይስ ለራሷ?

ኤርሚያስ ሌንሱን ሲቀበላት «ልክ ነበርክ» አላለችውም። «ቤቱ ጠባብ ነው» አለች። እሱም «ይጠባል» ብሎ ትንሿን ሰጣት።

እሁድ ሴቶቹ «መድፉስ?» ሲሏት «ፈነዳ» አለቻቸው። ሌይላን ከመስኮቱ ጎን አስቀመጠቻት፤ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ስትፈልግ በጉልበቷ ትጠጋለች፣ ስትፈልግ ትሸሻለች። ትንሽ እንደቆየች ልብ የሚላት ጠፋ። ድቤው ተመታ፤ የሌይላ እጆች ሂና ተቀብተው እስኪደርቁ ወደ ላይ ተይዘዋል፤ ምንም መንካት አይችሉም። አንዲት ዘለላ ፀጉር ዓይኗ ላይ ወደቀባት። «እማዬ» አለች። ሐዋ በአንድ ጣቷ ዘለላዋን ከልጇ ጆሮ ኋላ አስገባች፤ አስገብታም ጣቷን ቶሎ አላነሳችም። ረሒማ ያኔ ተጫነችው።

ሐዋ ፎቶውን አይታ ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እስቲ ድገሚና አሳዪኝ።» ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ «ታጁ፣ አንተ ወንዶቹን አንሳ!» ብላ ጮኸችና ተመለሰች። በረሒማ ጆሮም «ይህቺን ፎቶ ማንም ወንድ እንዳያያት» አለቻት።

ረሒማ ካሜራውን አየችው። የሚያትመው ኤርሚያስ ነው። ሱቋ ውስጥ ልትሰቅላትም አስባ ነበር፤ ሥራዋን ሳያይ ማን ይቀጥራታል? ከዚህ ቀን ሌላ የምታሳየው የላትም። ሴቶቹን አየቻቸው፤ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ እሷን ረስተው ይጨፍራሉ። የረሷት ስላመኗት ነው። ሚሞሪዋን ከካሜራው አወጣችና በሐዋ ሻሽ ጫፍ ቋጠረችላት።

«የሌይላ ነው። ሴት አታሚ እስክናገኝ አንቺ ጋ ይቆይ።»

ሰኞ ኤርሚያስ ገና ከደጅ ሲያያት «እስቲ አሳዪኝ፤ ወጣልሽ?» አላት።

«ወጥቶልኛል። አላሳይህም።»

«ሳታሳዪማ ሥራ ከየት ታገኛለሽ?»

ረሒማ ሚሞሪ የሌለውን ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንተ ባዶ ሚሞሪ ስጠኝ» አለችው።