ዜሮ ነጥብ ስምንት

ሪድዋና ሱሌማን ቶሎ የምትናደድ ሰው አልነበረችም። ለክልሉ ቢሮ ሠራተኞች ኮምፒውተር ስታስተምር፣ ማውሱን ገልብጦ የያዘን አንድ ኃላፊ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «አይዞዎት፣ እጅዎ ይለምደዋል» እያለች ያለማመደች ሴት ናት። ያቺን ሴት ነው እንግዲህ አንድ ያላለቀ ሶፍትዌር በሁለት ቀን ውስጥ ብቻዋን እንድታወራ ያደረጋት።

ነገሩ የሆነው በ1997 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። የአባቷ የጋሽ ሱሌማን ሱቅ ጋምቤላ ከተማ መሃል፣ ገበያው አጠገብ ነበር። ከፊት ለፊት ጋሽ ሱሌማን ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ልብስ ይሰፋሉ። ከጀርባ ያለችውን ክፍል ደግሞ ሪድዋና አምስት ኮምፒውተር ደርድራባት ጠዋት ታስተምርባታለች፤ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ታጫውትባታለች። ኢንተርኔቱ የሚገባው በሱቁ የስልክ መስመር ነው። መስመሩ አንድ ነው፣ ፈላጊው ብዙ። ሞባይል የያዘ ሰው በጣት በሚቆጠርበት በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «በጋሽ ሱሌማን ሱቅ ደውሉልኝ» ይል ነበር። ሪድዋና ኢንተርኔት ላይ ካለች ስልኩ አይጠራም፤ አንድ ሰው እጀታውን ካነሳ ደግሞ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል።

የጨዋታውን ወሬ ያመጣው ጎርደን ነው። ጎርደን የትምህርት ቢሮ ሠራተኛ፣ በበር ሲገባ አንገቱን ጎንበስ የሚያደርግ ረጅም ሰው፣ ለኳስ ሲሆን ግን እንደ ሕፃን የሚሆን የሪድዋና የቀድሞ ተማሪ ነው። አንድ ቀን የተጨማደደ መጽሔት ይዞ እየሮጠ ገባ።

«ሪድዋና! ኢትዮጵያ ገብታለች!»

«የት ነው የገባችው?»

«ግራንድ ኪክ አምስት ውስጥ! አዲሱ ጨዋታ። ብሔራዊ ቡድናችን አለ። ተመልከቺ፣ እዚህ ጋ፣ ስማችን ተጽፏል!»

እውነትም ተጽፏል። እስከዚያ ድረስ የጋምቤላ ልጅ ብራዚልን ወይም ጣሊያንን መርጦ ነበር የሚጫወተው። ሪድዋናም ደስ አላትና አዲስ አበባ ላለ ዘመዷ ደውላ ኦርጅናሉን ዲስክ አዘዘች። ጎርደን በበኩሉ ሳይጠየቅ ውድድር አወጀ። ስምንት ቡድን ተመዘገበ፦ ከትምህርት ቢሮ፣ ከውኃ ቢሮ፣ ከሆስፒታል፣ ከነጋዴዎች፣ ጭራሽ ከኢታንግ ድረስ ተጭነው የሚመጡ ሰዎችም አሉ። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ኢትዮጵያ ትጫወታለች» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጠፈ።

ዲስኩ ሐሙስ ማታ በአውቶቡስ ደረሰ። ሪድዋና ካርቶኑን ስታገላብጥ ከጀርባው ላይ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ አየች። አዲሶቹ ብሔራዊ ቡድኖች ዲስኩ ላይ የሉም። ለዓለም በሚለቀቁበት ዕለት፣ ማለትም ዓርብ፣ «ኪክሎደር» በሚባል የኩባንያው ማውረጃ ከኢንተርኔት ይወርዳሉ ይላል። መጠኑ ስልሳ ሜጋባይት ነው። በእሷ መስመር አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

«አምስት ሰዓት ምን አላት፣ እናወርዳለን» አለች።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረች። ማውረጃው ሲከፈት አንዲት ኳስ እየተንከባለለች መጣችና «ሦስት ደቂቃ ቀርቷል» አላት። ሪድዋና ሳቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላም «ሦስት ደቂቃ ቀርቷል» ይላል። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠብቃ ስታየው «4112 ቀን ቀርቷል» ይላል።

ከቢሮ ሹልክ ብሎ የመጣው ጎርደን በጣቱ አሰላ። «አስራ አንድ ዓመት። ያኔ እኔ ጡረታ ልወጣ እቃረባለሁ።»

«ዝም ብሎ ነው የሚቀባጥረው። ፐርሰንቱን ተመልከት፤ እሱ እየሄደ ነው።»

ሠላሳ አንድ ፐርሰንት ላይ እንደደረሰ ከፊት ለፊት ጋሽ ሱሌማን ለአንድ ደንበኛ ለመደወል እጀታውን አነሱ። ሞደሙ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። ሪድዋና ወደ ሱቁ ወጣች።

«አባዬ፣ ስልኩን አነሳህ እንዴ?»

«አነሳሁ። እንደ ፌንጣ ይጮሃል፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ኢንተርኔት ላይ ነኝ ብዬህ ነበር እኮ!»

«በይ አንቺ ልጅ፣ ስልክ የተሠራው ለመደወል ነው» አሉና ወደ መስፊያቸው ተመለሱ።

ሪድዋና ዳግም ስትገናኝ ካቆመበት ይቀጥላል ብላ ነበር። አልቀጠለም። ኳሷ እንደገና ተንከባለለችና ከዜሮ ጀመረች። «ቀጥል» የሚል ቁልፍ አለ፤ ቢጫኑት አይጫንም። «ለጊዜው አቁም» የሚልም አለ፤ እሱን ስትጫነው «ይህ አገልግሎት በቅርቡ ይጀምራል» የሚል መስኮት ብቅ አለ። ያልጀመረ አገልግሎት ከነቁልፉ ምን ሊያደርግ እዚያ እንደተቀመጠ ሊገባት አልቻለም። የስልኩን እጀታ በፕላስተር ጠቅልላ አሰረችና ሁለተኛውን ሙከራ ጀመረች።

ያን ቀን ምሳዋን እዚያው ወንበሯ ላይ በላች። ሙቀቱ ክፍሏን እንደ ምድጃ አድርጓታል፤ ማራገቢያው የሚያመላልሰው ሙቅ አየር ብቻ ነው። ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና። አመሻሹ አስራ አንድ ሰዓት ሲል ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደረሰ። ጎርደን ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን ያዘ። ዘጠና ዘጠኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዘጠና ዘጠኝ። ከዚያ መሃል ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ስህተት ቁጥር 0። ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን።» ኳሷ ወደ ዜሮ ተንከባለለች።

«እናመሰግናለን ይለኛል!» ሪድዋና ከወንበሯ ተነሳች። «እናመሰግናለን! ምንም ሳትረዱኝ ምኑን ነው የምታመሰግኑኝ?»

ጩኸቷን ሰምተው ጋሽ ሱሌማን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። ምን እንደሆነ ነገረቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑን ተመለከቱ።

«ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር ምንድን ናት?»

ሪድዋና ጎንበስ ብላ አየች። በደብዛዛ ቀለም «0.8» ተጽፏል። ቀኑን ሙሉ ስትመለከተው የነበረ ስክሪን ላይ ይህን አላስተዋለችም። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሶፍትዌር ሲያልቅ አንድ ነጥብ ዜሮ ይባላል። ይሄ ገና ስምንት አሥረኛው ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው አላለቀም እያሉ ነው።»

«እያወቁ ሸጡት?»

«እያወቁ ሸጡት።»

ጋሽ ሱሌማን ሜትራቸውን እየጠቀለሉ አሰቡ። «እኔ አንድ እግሩ ያልተሰፋ ሱሪ ሸጬ፣ ሌላውን እግር በሚቀጥለው ወር ና ውሰድ ብል፣ ይሄ ገበያ በድንጋይ አያባርረኝም?» አሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ።

ሪድዋና ለኩባንያው ኢሜይል ጻፈች። ትምህርት ቤት የተማረችውን ትሕትና ሁሉ ተጠቀመች፤ ከላይ «የተከበራችሁ» ብላ ጀምራ ከታች «በአክብሮት» ብላ ጨረሰች። መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ። የሚጽፈው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው፦ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን ስለመጣብን ተጨናንቀናል፣ የተስተካከለው ማውረጃ በሚቀጥሉት ሳምንታት ይወጣል፣ እስከዚያው ደጋግመው ይሞክሩ። «ደጋግመው ይሞክሩ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ኮምፒውተሩን አጠፋች።

ቅዳሜ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች። የዚያን ዕለትም መስመሩ ቀርፋፋ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማንያ ዘጠኝ ፐርሰንት ሆነ። ጎርደን በሩ ላይ ዘብ ቆሞ ወደ ስልኩ የሚጠጋውን ሰው ሁሉ «ቆይ፣ ትንሽ ቆይ» እያለ ይመልሳል። ከኢታንግ የሚመጡት ሰዎች በመንገድ ላይ ናቸው ተብሏል።

በዚህ መሃል ጋሽ ሱሌማን ፊታቸውን ጥፋት እንደሠራ ሰው አድርገው ገቡ። ከኋላቸው ኛቹዎል ነበረች። ኛቹዎል በከተማዋ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ሥራዋን ስትጨርስ እየመጣች ትየባ ትማራለች።

«ልጄ፣ ረስቼው ነው» አሉ አባቷ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ስልካችንን ሰጥታቸዋለች። እኔው ነኝ የፈቀድኩላት። ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ይደውሉላታል።»

«እነማን?»

«ትምህርት ቤቱ» አለች ኛቹዎል። «ለአዋላጅነት ተመዝግቤ ነበር። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ስልኩ አጠገብ ሁኚ፣ ካላገኘንሽ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን ብለውኛል።»

ሪድዋና ሰዓቷን አየች። ለሰባት ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል። ስክሪኑን አየች። ዘጠና ፐርሰንት።

ጎርደን ሁለቱንም አይቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «በሃያ አምስት ደቂቃ ያልቃል። ሪድዋና፣ ያልቃል አይደል?»

«እሱን የሚያውቅ ካለ ፈጣሪና ኪክሎደር ብቻ ናቸው። ራሱም ኪክሎደር አያውቅም።»

«አራት ጊዜ ወረቀት ለጥፌያለሁ እኮ! የኢታንግ ሰዎች መኪና ለምነው ነው የሚመጡት። ምን እላቸዋለሁ?»

ኛቹዎል አልተከራከረችም። «እጠብቃለሁ» ብላ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት እጇን ከላይ ጫነችበት። ብትለምን ወይም ብትቆጣ ሪድዋና መልስ አታጣም ነበር። እንዲህ ተቀምጣ መጠበቋ ግን የሪድዋናን ጀርባ ይወጋው ጀመር።

ዘጠና ሁለት። ዘጠና ሦስት። «ሁለት ደቂቃ ቀርቷል» አለ ማውረጃው። ጎርደን «አየሽ!» አለ። ቁጥሩ ተቀየረና «17 ሰዓት ቀርቷል» አለ። ሪድዋና «ለጊዜው አቁም»ን ተጫነች፤ ባዶ ተስፋ ናት፣ ታውቀዋለች። «ይህ አገልግሎት በቅርቡ ይጀምራል» አላት።

ለሰባት ስድስት ደቂቃ ሲቀር ዘጠና አምስት ነበር።

«ሪድዋና፣ አምስት ብቻ ናት የቀረችው» አለ ጎርደን፣ በልመና ድምፅ።

«ትናንት አንድ ብቻ ነበረች የቀረችው» አለችና ወደ ግድግዳው ሄዳ የሞደሙን ሽቦ ነቀለች።

ኳሷ ቆመች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ዜሮ ተንከባለለች። ሪድዋና ቆማ አላየቻትም፤ ወደ ሱቁ ወጥታ ፕላስተሩን ከእጀታው ላይ በጥርሷ ጭምር እየላጠች ነበር። ጎርደን ወጥቶ ደጅ ቆመ።

ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ አልጠራም። ሰባት ከአምስት። ሪድዋና በዚያች ቅጽበት ኩባንያውንም፣ ጨዋታውንም፣ የትምህርት ቤቱን ሰዎችም በአንድ ላይ ረገመች። ሰባት ከአስር ላይ ጠራ። ኛቹዎል ብድግ ብላ አነሳችው።

«አቤት... አዎ፣ እኔ ነኝ። አይደለም፣ ኛቹዎል። ኛ... ኛ! የ‹ኛ›ው ኛ! ቹ፣ ዎ፣ ል።» ሪድዋና ግንባሯን ያዘች። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስሟን በአራት ዓይነት መንገድ ተሳስቶ በአምስተኛው አገኘው። «አዎ... አዎ... እመጣለሁ። ሐሙስ እደርሳለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እጀታውን መለሰችና ወደ ሁለቱ ዞረች። «ተቀበሉኝ» አለች። ጋሽ ሱሌማን «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ኛቹዎል ሪድዋናን አቅፋ ሳመቻትና «ጨዋታሽን አበላሸሁብሽ» አለቻት።

«እኔ አይደለሁም ያበላሸሽው የተባልሽው፤ ድሮም የተበላሸ ነው» አለች ሪድዋና። ምን ማለቷ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም፤ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልነበራትም። ኛቹዎል ግን ሳቀች፤ ሪድዋናም ተከተለቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሏ ጢም ብላ ሞላች። ሪድዋና ወንበር ላይ ወጥታ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው፦ ማውረጃው ያላለቀ ነው፣ ሦስት ጊዜ ሞክራለች፣ ሦስተኛውን ራሷ አቋርጣዋለች፣ ምክንያቱም ይህ ነው። ጉርምርምታ ተነሳ። ከውኃ ቢሮ የመጣው ሰው «ታዲያ ወረቀቱ ለምን ተለጠፈ?» ብሎ ጮኸ። ከኢታንግ የመጣ አንድ ጎልማሳ ግን «ኛቹዎል የእኛ አገር ልጅ ናት፤ አንድ አዋላጅ ከአንድ ጨዋታ ይሻላል» ብሎ ቁጭ አለ። ሌሎቹም ወንበር እየሳቡ ተቀመጡ። በባለፈው ዓመት ጨዋታ ብራዚልና ጣሊያን እያሉ ተጫወቱ። ጎርደን ደጅ ሆኖ ሲያኮርፍ ቆየና የትምህርት ቢሮ ሁለት ጎል ሲገባበት ሰምቶ ገባ።

የተስተካከለው ማውረጃ በሃያ ሦስተኛው ቀን ወጣ። አሁን «ለጊዜው አቁም» ያቆማል፣ «ቀጥል»ም ይቀጥላል። ሪድዋና ስልኩ ነፃ ሲሆን እየቆራረሰች በሁለት ቀን አወረደችው። ጎርደንን ጠራችውና አብረው ከፈቱት። ባንዲራዋ አለች። ማልያውም ትክክል ነው። ጎርደን «ኢትዮጵያ» የሚለውን ተጭኖ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ከፈተ።

«ተጫዋች 1፣ ተጫዋች 2፣ ተጫዋች 3...» እያለ እስከ አስራ አንድ አነበበ። ስም የለም። አስራ አንዱም አንድ ዓይነት ፊት፣ አንድ ዓይነት ፀጉር ነው ያላቸው።

ሪድዋና ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች።

«ንገረኝ» አለችው። «በረኛው ማን ነው?»

ያን ከሰዓት በኋላ ስም ሲጽፉ ዋሉ። አስር ቁጥርን ማን ይልበስ በሚለው ላይ ተጣልተው አንድ ሰዓት አባከኑ፤ ጎርደን ራሱን አጥቂ አደረገ፣ ሪድዋና ደግሞ ለመሃል ተከላካይነት አባቷን መረጠች። ጨዋታው ሲጀመር ገና በአምስተኛው ደቂቃ ጎል ገባባቸው። ጎርደን ጠረጴዛውን በቡጢ መታና ተከላካዩ የት ሄዶ ነው ብሎ ጮኸ፤ ጋሽ ሱሌማን ግን ከፊት ለፊት ልብስ እየሰፉ ነበር።