የጋጋሪዎቹ ሲጋራ

ጋጋሪዋ ሳሏን ይዛ ያልረገጠችው ክሊኒክ አልነበረም። አንዱ ብርድ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጣት፤ ሌላው አለርጂ ነው፣ ከአቧራ ራቂ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት በሚነድ ምድጃ ፊት ቆማ ዳቦ ስታወጣ ለኖረች ሴት ይህ ምክር ነው እንግዲህ! ስለ ጭሱ ግን የጠየቃት አንድም ሰው የለም።

የሳንባ ካንሰርን ሳይብስ የሚያሳይ ነጻ ምርመራ መጣ ሲባል ታናሽ ወንድሟን ይዛ ሄደች። ወንድሟ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ሲጋራ ከአፉ የሚለየው ሲበላና ሲተኛ ብቻ ነው። ነርሷ እሱን ወዲያው አስገባችው።

«እርስዎስ እናቴ፣ ያጨሳሉ?»

«ኧረ እኔ ነክቼውም አላውቅ።»

«እንግዲያው እርስዎን አይመለከትም። ምርመራው ለአጫሾች ነው።»

«ልጄ፣ የምስለው እኮ እኔ ነኝ።»

«ገብቶኛል። ግን ጥናቱ የተጠናው በእነሱ ላይ ነው።»

«እኛንስ ማን ያጥናን? ጭስ እንደሆነ ጭስ ነው። የሱ በወረቀት ተጠቅልሎ ስለመጣ ነው የሚከበረው?»

ነርሷ ክፉ አልነበረችም፤ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። ያ ደግሞ ጋጋሪዋን ይበልጥ አናደዳት፤ ሰው ንዴቱ የሚወጣለት አንድ ጥፋተኛ ሲያገኝ ነው።

ወንድሟ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ሳንባው ንጹሕ ነው ተብሏል።

«እትዬ፣ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አጨሳለሁ በያቸው» አላት። «የኔን ዓመታት አበድርሻለሁ።»

ውሸት አትወድም። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በማግስቱ ሌላ ጣቢያ ሄደችና «ከልጅነቴ ጀምሮ፣ በቀን አንድ ፓኮ» አለች። ማንም ደግሞ አልጠየቃትም። ፎቶ ስትነሣ ቀኝ ሳንባዋ ላይ ባቄላ የምታክል ዕጢ ተገኘች። በጣም ፈራች፤ ወንድሟ ከሷ ብሶ አለቀሰ። ሐኪሙ ዕጢዋን ቆርጦ አወጣላት።

«በጊዜ መጥተው ነው የተረፉት» አላት። «ከእንግዲህ ግን ሲጋራውን ይተዉ።»

«ትቻለሁ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

አገግማ ወደ ዳቦ ቤቱ ስትመለስ የሥራ ባልደረቦቿም ይስላሉ። ሳላቸውን ድሮም ትሰማው ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ሳል ልቧን ይወጋት ጀመር። ስለዚህ ሴቶቹን የዱቄት ጆንያ ላይ አስቀምጣ አጫሽነት አስተማረቻቸው።

«በቀን ስንት ታጨሻለሽ?»

«አምስት» አለች አቡኪዋ።

«አምስትማ አያስገባሽም። ጨምሪ።»

«ባሌ ቢሰማ ይገድለኛል።»

«ሳንባሽ ይቀድመዋል።»

ሄዱ፤ ዋሹ፤ ተመረመሩ። አቡኪዋም ተገኘባት፣ እሷም በጊዜ ታከመች። ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው። የጤና ቢሮው ሰዎች የዳቦ ቤቱ ሴቶች ለምን እንዲህ እንደሚታመሙ ሲያጣሩ፣ ለካ ሁሉም የለየላቸው አጫሾች ናቸው! ተገረሙ፣ አዘኑ፣ አንዲት ወጣት ባለሙያም ላኩላቸው።

ባለሙያዋ የሲጋራ ሥዕል ያለበት ትልቅ ፖስተር ይዛ ምድጃው አጠገብ ቆመች። ትምህርቱን በደንብ ጀመረች። ጥቂት እንደቆየች ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ሳል ያዛት፤ በመጨረሻም ድምፅዋ ተዘጋ። ሴቶቹ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቋታል።

«ይቅርታ» አለች እንደ ምንም። «እባካችሁ መስኮት ክፈቱልኝ።»

«መስኮት የለንም ልጄ» አለች ጋጋሪዋ። «ቀጥይ፤ ስለ ሲጋራው እየነገርሽን ነበር።»