ለዘንዶው የተላኩ ሽማግሌዎች

ትርፊት የምትመራው የተረት ጨዋታ ሆሳዕና ውስጥ ብቸኛው ነበር፤ እሷን ከጠየቃችሁ ደግሞ ምርጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በአባቷ ሱቅ ጓዳ ሦስት ሰዎች ጀግና ይሆናሉ፣ በሉዶ ዳይስ ዕድላቸውን ይሞክራሉ፤ የቀረውን ዓለም፣ ከንጉሡ እስከ ዘንዶው፣ እሷ ትናገራለች። መናገር ከጀመረች ማን ያስቆማታል? አርባ ገጽ ጽፋ ትመጣለች። ጀግኖቹ በግራ ቢሄዱ ጎርፍ፣ በቀኝ ቢሄዱ ጎርፍ፤ መድረሻቸው ያው እሷ የጻፈችው ዋሻ።

ባለፈው ሳምንት ከሦስቱ ተጫዋቾች አንዱ ቲቶ ቁርጡን ነገራት። "ትርፍዬ፣ ይሄ ጨዋታ ሳይሆን ስብሰባ ነው። ውሳኔው ቀድሞ ተጽፏል። አንድ ቅዳሜ ጨምሬልሻለሁ፤ ካልሆነ ፕሌይስቴሽን ቤት እገባለሁ።"

ቲቶ ከወጣ ሁለት ሰው ይቀራል፤ በሁለት ሰው ደግሞ ጨዋታ የለም። በንዴት ስለ ጨዋታ አነዳደፍ ስልኳ ላይ ስታነብ ሰነበተች። ነገሩ ሁሉ ተጨምቆ ይሄው ነው፦ ተጫዋቹ የመረጠው ምንም ካልለወጠ ምርጫ አይባልም፤ እውነተኛ ምርጫ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል።

"ይሄንማ አውቀው ነበር" አለች። አታውቀውም ነበር።

ቅዳሜ ዘንዶው ከዋሻው ወጣ። በአርባኛው ገጽ መሠረት መሞት አለበት።

"አንዋጋም" አሉ ለጨዋታው ብለው ከጃጁራ የሚመጡት መምህር ጠና። "ለሽምግልና ነው የመጣነው። ከመንደሩ ጋር ይታረቅ።"

"መምህር፣ ዘንዶ እኮ ነው! እሳት ይተፋል!"

"ጎረቤታችንን አታውቂውም፤ እሱም በሽማግሌ ታርቋል" አለች ሦስተኛዋ ተጫዋች ሃቢባ።

ሦስቱም ከወንበራቸው ተነሡ። "እሺ ካላለን አንቀመጥም።" እሺታ ሳያገኝ የሚቀመጥ ሽማግሌ የት አለ? ቲቶማ ቦርሳውን እንዳነገበ ነው፤ በሩንም ሁለቴ አይቶታል።

ትርፊት አርባኛውን ገጽ አየችው። ምን የመሰለ አሟሟት ጽፋለት ነበር! ደብተሩን ዘግታ ተቀመጠችበት።

"እሺ" አለች ድምፅዋን አጎርንና። "መንደሩን አልነካም። ግን ጦር ይዘው እንዳይመጡብኝ ዋስ ጥሩልኝ። ዋሱ እዚሁ ዋሻዬ ይቀመጣል።"

ጓዳው ቀውጢ ሆነ።

"መምህር በዕድሜ ይቅደሙ!"

"እኔ የማርመው ፈተና አለኝ!"

"ሴት ልጅ ከዘንዶ ጋር ስታድር ምን ይባላል?"

"ማን ተጣላ?" አሉ አባቷ ከሱቁ።

በመጨረሻ ቲቶ ቦርሳውን ወርውሮ ዘፍ አለ። "በቃ፣ ዋሱ እኔ ነኝ። ግን ለቅዳሜ መጥታችሁ ካላስፈታችሁኝ፣ ከዘንዶው በፊት የምበላችሁ እኔ ነኝ!"

ትርፊት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ግን ፊቷን አጨፈገገች፤ ዘንዶ በሽማግሌ ፊት አይፈነድቅም።