በገመድ የታሰረችው ድንጋይ

የልጅ ልጄ ሺዮሪ የኮምፒውተር ጌም ትሠራለች። እንዲህ ያለ እንጀራ መኖሩን ያመንኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ኪዮቶ ባለው ቤታችን፣ የአትክልት ቦታው በሚታይበት ክፍል ውስጥ ጎብጣ ስትውል ዓይኗም ወገቧም ያሳስበኛል። ሻይ አስቀምጥላታለሁ፤ ሲቀዘቅዝ መልሼ አነሳዋለሁ።

ዘንድሮ ግን የባሰ ሐሳብ መጣብኝ። አንድ የቶኪዮ ኩባንያ ጌሟን አይቶ ከወደደው ሊቀጥራት ነው። ቶኪዮ ማለት ሰው በሰው ላይ የሚጫንበት ባቡርና ከሱቅ የተገዛ ቀዝቃዛ ሩዝ ማለት ነው። ማን አይቶላት ትበላለች?

ጌሙ ውስጥ አንድ ወጣት ሰይፈኛ አለ። ከጣራ ጣራ ይዘላል፣ ሦስት ራስ ያለው ዘንዶ ይገድላል። ቀጥሎ የሚመጣው ተራራ ገና ስላልተሠራ ግን ከመንደሩ ጫፍ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ሺዮሪ መንገዱ መሃል በጥቁር ገመድ የታሰረች ድንጋይ አስቀመጠች። የሰፈራችን ልጆች ሲሞክሩት ድንጋይዋን አይተው ያለ አንዳች ጥያቄ ተመለሱ። ምን ይጠየቃል? በእኛ አገር መንገድ ላይ የታሰረ ድንጋይ ካለ ከዚያ ወዲያ አይታለፍም። እኔም ሺዮሪ ድክድክ ማለት ስትጀምር ከኩሬያችን ፊት አንዷን አስቀምጬ እስካሁን አላነሳኋትም። ይኸው ትልቅ ሴት ሆና እንኳ ዞራ ነው የምትሄደው።

የውጭ አገር ሰዎች ሲሞክሩት ነው ጉዱ የመጣው።

«አያቴ፣ መሳቂያ ሆንኩ» አለችኝ ስልኳን እያየች። «ዘንዶ የገደለ ጀግና የሩዝ ኳስ የምታክል ድንጋይ መሻገር እንዴት አቃተው ይላሉ።»

«ገመዱን አላዩትም እንዴ?»

«አይተውታል። ድንጋይ የሚታሰረው የት እንዳይሄድ ነው ብለው ጠይቀዋል።»

ድንጋይዋን አንስታ የማይታይ ግድግዳ አቆመች። አሁን ሰይፈኛው ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ እግሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ይራመዳል፣ ይራመዳል፣ ከቦታው ፈቀቅ አይልም።

«ምን ነካው? ነፋስ ነው የሚገፋው?»

«ግድግዳ አለ፣ አይታይም እንጂ።»

«አፍንጫውን ይመታዋላ።»

«እሱን ተይው አያቴ፣ የኔ አፍንጫ ነው የተመታው። በዚህም ስቀዋል።»

አዘንኩላት። በሆዴ ግን ጌሙ ካልሆነ ቶኪዮም የለም እያልኩ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት «እስቲ አንቺ ሞክሪው» ብላ ጆይስቲኩን አስያዘችኝ። ልጁን ቀስ አድርጌ አስኬድኩትና ድልድዩ ጋ ስደርስ መለስኩት።

«ምነው? እዚህ ጋ እኮ ምንም አላገድኩም።»

«ጣውላው እርጥብ ነው። ጫማው ደግሞ የገለባ ነው፣ ያንሸራትተዋል።»

በሌላ መንገድ ወሰድኩት። እዚያም መለስኩት።

«አሁንስ?»

«ደመናውን አታይም? ጃንጥላ አልያዘም። ለመሆኑ ይሄ ልጅ ቁርስ በልቷል? ወዴት ነው እንዲህ ባዶ ሆዱን?»

ሺዮሪ ስልኳን አፌ ሥር አድርጋ «ያልሽውን ድገሚልኝ» አለች። እያሾፈችብኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ደገምኩላት።

ከሳምንት በኋላ ጠርታ አሳየችኝ። መንደሩ ጫፍ ላይ ሽርጥ የታጠቀች አሮጊት ቆማለች። ሰይፈኛው ሲጠጋት በኔ ድምፅ «ወዴት ነው በዚህ ደመና? ጃንጥላህስ? ቁርስ በልተሃል?» አለችው። ዘንዶ የገደለው ጀግና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«ይሄ አፍንጫ የኔ ነው?»

«ትንሽ አሳንሼዋለሁ።»

ያ ሁሉ የሳቀ ሰው አሁን ለምን አያልፍም ብሎ አልጠየቀም። አንዱማ ከየት አገር እንደሆነ እንጃ፣ «እቺን ማለፍ አይቻልም፣ እኛም ቤት አለች» ብሎ ጻፈ። ኩባንያውም ወደደው። በገዛ አፌ መንገዱን ጠርጌላት አረፍኩ።

በምትሄድበት ጠዋት ከኩሬው ድንጋይዋን አምጥቼ በሩ ጋ፣ ከጫማዎቿ ፊት አስቀመጥኳት። ሺዮሪ ሻንጣዋን ይዛ መጣችና ቆመች።

«አያቴ፣ ባቡሩ ያመልጠኛል።»

«እለፊያ። የሩዝ ኳስ ነው የምታክለው ተብሏል።»

«እነሱ ያልፋሉ። እኔን ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።»

እግሯን አላነሳችም። ማልቀስ አልፈለግኩም፤ ስለዚህ ስለ ጌሙ ጠየቅኳት።

«ተራራው ሲሠራ ሴትዮዋ ምን ትሆናለች?»

«ታሳልፈዋለች።»

«ዝም ብላ?»

«ዝም ብላማ አታሳልፍም። ምክሯን ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ከሰማ ነው።»

ያን ጊዜ ጀመርኩ። ጋዙን አጥፊ። በር ሲንኳኳ ሳታይ አትክፈቺ። የመሬት መንቀጥቀጥ ከመጣ ጠረጴዛ ሥር ግቢ፣ ስልኩን ተይው። ፀጉርሽ እርጥብ ሆኖ አትተኚ። ሩዝ ራስሽ ቀቅይ። ስለ ካልሲም የተናገርኩ ይመስለኛል። ሺዮሪ ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ፣ ሰዓቷን ሳታይ፣ ሁሉንም ሰማች። ባቡሩ አመለጣት፤ ይሁን፣ ቶኪዮ የሚሄድ ባቡር ሞልቷል።

ስጨርስ ጎንበስ ብዬ ድንጋይዋን በገመዷ አነሳሁና ጃንጥላዬን ሰጠኋት።

«አያቴ፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው።»

«እዚህ ነዋ» አልኳት።