የደላላው ፈቃድ

አባቴ የቤት ደላላ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ይለዋል። ግድግዳው ውሃ ለሚያንጠባጥብ ቤት እንኳ አፍ አያጣም፤ «እዚህ ቤት ውሃ ጠፍቶ አያውቅም» ብሎ ያከራየዋል። ተከራዩ በሳምንቱ ሊጣላው ይመጣና ስቆ ይመለሳል። እናቴ ዝምተኛ ናት፤ የሁለታቸውንም ድርሻ የሚያወራው እሱ ነው።

አባቴ የወደቀው፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ለአንድ ባልና ሚስት ቤት እያሳየ ሳለ ነው። ወሬው መሃል አፉ ወደ ጎን ሄደ፤ ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጅና እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ንግግሩም ጠፋ።

ሆስፒታል ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን እናቴ «ውሃ ልስጥህ?» ስትለው «እሺ» አላት። ጩኸቷን ሰምተው ነርሶቹ ሮጠው መጡ። እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ውሃውን ጠጣ።

«ይበቃሃል?»

«እሺ።»

«ልጨምርልህ?»

«እሺ።»

«አሞሃል?»

«እሺ።»

«ደህና ነህ?»

«እሺ።»

እናቴ ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

የንግግር ባለሙያዋ አስቀምጣ አስረዳችን። «የምትሉትን ብዙውን ይረዳሉ፤ መመለሱ ነው ያቃታቸው። ይቺ ቃል ከአፋቸው የምትወጣው ሳያዟት ነው። ራሳቸውን ቢነቀንቁም አትመኑት፤ እሱም ይምታታባቸዋል።»

«ታዲያ ፈቃዱን በምን ልወቀው?» አለች እናቴ።

«በትዕግሥት ነው፣ እማማ።»

ድሮ «እሺ የሚል ደላላ ጦሙን ያድራል» ባይ ነበር፣ አባቴ።

ቤት ከገባን በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። ከድሮም የስኳር በሽታ ነበረበት፤ የማይሰማውን ቀኝ እግሩን ጫማ ልጦት ኖሮ፣ እናቴ ካልሲውን ስታወልቅ አውራ ጣቱ ጠቁሮ አገኘችው። በመድኃኒት ተሞከረ። ጥቁረቱ ሽቅብ ሲወጣ ሆስፒታል መለስነው።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ትሑት ሰው። ወንበር ስቦ አባቴ ፊት ተቀመጠ።

«አባት፣ እግሩ ሞቷል። ከጉልበት በታች ካልቆረጥነው መርዙ ደም ውስጥ ገብቶ ይገድልዎታል። እንቁረጠው?»

«እሺ» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ተነፈሰ። «ጥሩ። ተስማምተዋል።»

«አልተስማማም!» አለች እናቴ።

«እሺ ነው ያሉት እኮ። እርስዎም ሰምተዋል።»

«እስቲ አንገትህን ልቁረጠው በለው፣ ልጄ! ያኔም እሺ ነው የሚልህ።»

ሐኪሙ ግራ ገባው። «አባት፣ እግርዎን እንተወው? አንንካው?»

«እሺ።»

እኔ በሁለት ወረቀት ላይ ሰው ሣልኩ፤ አንዱ ባለ ሁለት እግር፣ አንዱ ባለ አንድ። ጎን ለጎን አስቀምጬ «አባዬ፣ የምትፈልገውን ንካልኝ» አልኩት። ግራ እጁን ዘርግቶ ባለ ሁለት እግሩን ነካ። «ይኸው!» አለች እናቴ። ለማረጋገጥ ቦታቸውን አቀያየርኩ። አሁንም በግራው በኩል ያለውን ነካ፤ ባለ አንድ እግሩን። በቀኙ ያለውን ነገር ዓይኑ እንደማያይለት ያን ጊዜ ገባን። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጌ ብሞክር ሁለቱንም ጨምድዶ ወረወራቸው። ተቆጥቶ ይሁን ሰልችቶት፣ እንጃ።

«ብዙ ጊዜ የለንም» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «እሳቸው መወሰን ካልቻሉ የሚወስነው ቤተሰብ ነው።»

እናቴ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ «አንቺ ልጁ ነሽ፤ ቢችል ምን ይል ነበር?» አለችኝ።

አባቴ ደረጃ የሚወጣው እየሮጠ ነበር። አልጋ ላይ ውሎ ማደር ለእሱ ኑሮ አይደለም። ሞትን ደግሞ እንደ ሕፃን ይፈራል፤ ቀብር በሄደ ቁጥር ለሳምንት መብራት አያጠፋም።

«አላውቅም እማዬ።»

«እኔም አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ሲያወራ ሰምቼው፣ ይቺን አንዷን ሳይነግረኝ ቀረ።»

ገብታ ፈረመች።

አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት አባቴ መናገር ጀመረ። «እሺ። እሺ፣ እሺ! እሺ…» ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይለዝባል፣ ይለማመጣል፤ ልክ ከባለቤት ጋር ዋጋ እንደሚከራከር። እናቴ የአልጋውን ብረት ይዛ ከጎኑ ትሮጣለች። «ምንድን ነው? ምን ልትለኝ ነው?» በሩ ላይ ሲደርሱ ነርሷ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ፊቱ ደም መሰለ። «አትርፈናቸዋል» አለን ሐኪሙ፣ ደስ ብሎት። እውነቱን ነው። አባቴ ግን አንገቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች የጎደጎደበትን ቦታ ብዙ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእናቴ እጅ መብላት ተወ። ማንኪያውን እኔ ስይዘው ይበላል፤ እሷ ስትይዘው አፉን ይገጥማል።

«ጠልቶኛል።»

«ሕመሙ ነው እማዬ። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ መከፋት ያለ ነው ብለዋል።»

«አንቺም እንደ አባትሽ ቤት ማከራየት ጀመርሽ?» አለችኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሰሞን አጠገቡ ቁጭ እያለች «አጠፋሁ?» ትለው ነበር። ምን እንደሚመልስላት ታውቃለች፤ ግን ትጠይቀዋለች። ኋላ ተወችው። አሁን ቤታችን ውስጥ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። «መስኮቱን ልከፍት ነው»፣ «ላገላብጥህ ነው» ትለዋለች፤ «ልክፈት?» አትልም።

ባለፈው እሑድ ተንበርክካ የቀረ እግሩን ስታጥብ፣ ግራ እጁን አነሣና አናቷ ላይ አሳረፈው። እናቴ ጨርቁን እንደያዘች ቀጥ አለች። እየዳበሳት ይሁን እየገፋት አልለየላትም፤ ከበሩ ሆኜ ሳይ ለእኔም አልለየልኝም። ቀና ብትል እጁ የሚወርድ መስሏት አንገቷን እንደደፋች ቆየች፣ ክንዱ ዝሎ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ድረስ። ከዚያ ፎጣ አንሥታ በእግሩ ጣቶች መካከል የቀረውን ውሃ ማድረቅ ጀመረች፤ ይሄኛውም እግር እንዳይቆስል እዚያ እርጥበት እንዳታስቀር ተብላለች።